የምትተነፍሰው መኪና

ታከለ የማይከራከርበት ነገር አልነበረም። ከአውቶቡስ ሾፌር ጋር ስለ ማቆሚያ፣ ከምኵራቡ ሹም ጋር ስለ ወንበር፣ ከፋብሪካው አለቃ ጋር ስለ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ይሟገታል። ጎንደር ሳለ ለመምህርነት ሁለት ዓመት የተማረ ሰው ነውና ሙግት ሲይዝ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ጣቱን ያጥፋል። አምስተኛው ጣት ላይ ሳይደርስ አብዛኛው ሰው ይሸሻል።

ሴት ልጁ ሞራን አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ የመኪናዋን ነገር ስታነሳ ግን አንድ ጣት እንኳ ማጠፍ አቃተው።

"አባ፣ መኪናዋ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው" አለችው፣ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በአማርኛ። "ቴስቷ የፊታችን ሐሙስ ያልቃል። በየዓመቱ ለዚህ ቴስት ትጣላለህ፣ በየዓመቱ ጋራዥ ታመላልሳታለህ። ለምን? እማን ሀሳአው ይወስዳታል። የሚቆመው እዚሁ ታች በር ላይ ነው። ቦታ አለ ብለዋታል።"

ቴስት የምትለው የመኪናዋን የዓመት ምርመራ ነው፤ ሀሳአ የምትለው ደግሞ እናቷ የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ሠራተኞቹን የሚያመላልስበትን ሚኒባስ ነው። ታከለ ወደ ሚስቱ ወደ አምሳለች ዞረ። አምሳለች ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"ለናንተ ብዬ እኮ ነው" አለች ሞራን። "እንድታርፉ።"

ልጆች ወላጆቻቸውን ማሳረፍ የሚሉት ነገር አለ። ያልደከመን ሰው ማሳረፍ ከመቅበር በምን እንደሚለይ ግን አንዳቸውም አያስረዱም። ታከለ ይህን ሊላት አሰበና ተወው፤ ምክንያቱም ልጅቷ እውነቷን ነው። ሚኒባሱ አለ። በሰዓቱ ይመጣል። መኪናዋ አርጅታለች። ያለው መልስ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም ለገዛ ልጁ መናገር አፈረ።

መልሱ ይህ ነው። አምሳለች ጊቫት ሽሙኤል ባለ የአረጋውያን ቤት ተንከባካቢ ናት፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ትገባለች። ታከለ ኪርያት ማታሎን ባለ የማሸጊያ ፋብሪካ የከሰዓት ፈረቃ ነው፤ ስምንት ሰዓት ገብቶ ምሽት አራት ሰዓት ይወጣል። እሷ ስትመለስ እሱ ሄዷል፣ እሱ ሲመለስ እሷ ተኝታለች። አርብና ቅዳሜ ቤታቸው በልጅና በልጅ ልጅ፣ በሠርግ ጥሪና በለቅሶ ወሬ ይሞላል። ለሁለቱ ብቻ የቀረችው ሰዓት ማለዳ ላይ ከማሃኔ የሁዳ ሰፈራቸው እስከ አረጋውያኑ ቤት በር ድረስ ያለችው ሃያ ደቂቃ ናት።

በዚያች ሃያ ደቂቃ አምሳለች ታወራለች። ስኳር ነጠላ ጫማዋ ውስጥ ስለምትደብቀው አሮጊት ታወራለች። ሰኞ ሰኞ ለጋብቻ ስለሚጠይቃት የዘጠና አንድ ዓመት ሽማግሌም ታወራለች።

"ዛሬስ ምን ልትይው ነው?" ይላታል ታከለ።

"ባሌን ላማክር ብዬዋለሁ። ምን ትላለህ?"

"ጥሎሹን ጠይቂው።"

ከዚህ ሌላ ብዙም አይናገርም። ያ ሁሉ ተሟጋች እዚህ አድማጭ ነው። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ በየመሃሉ እንደ አገር ቤት ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገ እሺታውን ይሰጣታል፣ እሷም ትቀጥላለች።

ይህን ለሞራን እንዴት ብሎ ያስረዳ? ስለዚህ፣ ተሟጋች ሲሸነፍ የሚያደርገውን አደረገ፤ ስለ ውሉ ተደራደረ።

"ቴስቱን ካለፈች ትቆያለች" አለ። "ካላለፈች ለብረት ትሸጣለች።"

"ቃልህን?"

"ቃሌን።"

አምሳለች ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመረች።

ታከለ መኪና ማስመርመር የሚሄደው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር። አገሩን ገና ባልለመደበት ዘመን እንዳለ የሚባል ወዳጁ "እዚያ ደግ ናቸው" ስላለው፣ ሁለት ከተማ አቋርጦ እዚያው ይሄዳል። ባለመኪናው ቁልፉን ይሰጣል፣ ውጭ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ መርማሪዎቹ ራሳቸው መኪናዋን አስገብተው ያስወጧታል፣ አለቀ። እሑድ አምሳለችን አድርሶ ረፋድ ላይ ወደዚያው ቢነዳ በሩ በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ከአጥሩ በላይ ክሬን ቆሞ አገኘ። ባለ ሃያ ፎቅ ሊሠሩበት ነው።

ለሞራን ደወለ። እሷም ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ ብዙ ሳትቆይ መለሰችለት።

"አባ፣ አንድ ማኾን አለ እዚሁ ኪርያት ማታሎን። ከፋብሪካህ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ። ረቡዕ ለአራት ሰዓት ቶር ይዤልሃለሁ።"

"እዚያ የመኪና መመርመሪያ የለም። ያለው መኪና ማጠቢያ ነው።"

"መኪና ማጠቢያ አይደለም፣ አባ።"

ሃያ ሁለት ዓመት በደጁ አልፏል። መኪና ተሰልፎ ስላየ፣ መሬቱም ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ፣ ማጠቢያ ነው ብሎ ደምድሞ ዳግመኛ ቀና ብሎ ጽሑፉን አላነበበም። ማንበብ ለሚችል ሰው ይህ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ታከለ ጥፋቱን ለጽሑፉ ሰጠ። ፊደሉ ትንሽ ነው አለ።

ረቡዕ በሰዓቱ ደረሰ። ለመርማሪው የሚያሳየው ወረቀት ይዟል፤ ላረጀ መኪና ከጋራዥ የፍሬን ማረጋገጫ ይጠየቃል፣ ካሣ የሚባለው የሰፈራቸው መካኒክ ሰኞ ዕለት ፈርሞ ሰጥቶታል። መርማሪው ሠላሳ ያልሞላው ረጅም ልጅ ነው። ደረቱ ላይ ኢታማር የሚል ስም ተጠልፏል።

"ያላ አሒ፣ ግባ። ከመሪው እንዳትወርድ፣ እኔ እነግርሃለሁ።"

"ወንድምህ አይደለሁም" አለ ታከለ። "አባትህን ሳልበልጠው አልቀርም።"

"በሰደር። አዶኒ፣ ግባ።"

በሰደር እሺ ማለት ነው፣ አዶኒ ደግሞ ጌታዬ፤ ከወንድሜ ይሻላል፣ ግን አንቱታን አይተካም። አንቱ የሌለው ቋንቋ ሰውን ሁሉ እኩያ አድርጌአለሁ ብሎ ይመጻደቃል፤ ያደረገው ሽማግሌን ልጅ ማድረግ ብቻ ነው። ታከለ በዚህ ላይ ሦስት ጣት ያህል የሚናገረው ነበረው፣ ግን ከኋላው መኪና ስለተደረደረ ገባ።

መብራቱ ደህና። ጥሩምባው ደህና። ጎማው፣ ቀበቶው፣ ጭሱ ደህና። መኪናዋ በሚሽከረከረው ብረት ላይ ወጥታ ፍሬኗ ሲለካ ኢታማር ራሱ "ከአዲስ አትተናነስም" አለ። ታከለ በልቡ ሞራንን መርታት ጀመረ።

"አሁን ሞተሩን አጥፋና ክዳኑን ክፈትልኝ" አለ ኢታማር። "ቡስተሩን ላዳምጥ።"

ቡስተር ከፍሬኑ ጀርባ፣ ከሾፌሩ ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ ድስት የሚያህል ክብ ብረት ነው፤ እግር ፍሬን ሲረግጥ ጉልበት ያበድረዋል። አየር ካስገባ ጉልበቱ ይከዳል፣ አየር ሲያስገባም በጆሮ ይታወቃል። ኢታማር የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። ክዳኑ ሁለቱን ጋረዳቸው።

"ርገጥ።"

ታከለ ረገጠ።

"እንደገና ርገጥ። ልቀቅ። አሁን ርገጥ።"

ኢታማር ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ ጭንቅላቱን ከክዳኑ ጎን ብቅ አደረገ።

"አየር ይስባል።"

"ምን?"

"ህስ ይላል። ስትረግጥም ህስ፣ ስትለቅም ህስ። ስትለቅ ህስ የሚል ቡስተር ደግሞ ዛሬ ገና ሰማሁ።"

"እኔ ምንም አልሰማሁም።"

"አንተ መሪ ላይ ነህ፣ እኔ ሞተሩ ላይ ነኝ።"

ታከለ የካሣን ወረቀት አውጥቶ በመስኮቱ ዘረጋ። አንደኛ፣ ባለሙያ የፈረመው ነው አለ። ሁለተኛ፣ ሰኞ የተፈረመ ነው፣ በሁለት ቀን ምን ይሰበራል? ሦስተኛ...

"ወረቀት ጆሮ የለውም፣ አዶኒ" አለ ኢታማር ሳይቆጣ። "አሠራውና ነገ ና። በዚህ ሰዓት እጠብቅሃለሁ።"

ካሣ ወሬውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ከታከለ በሃያ አምስት ዓመት ያንሳል፣ በአራት ዓመቱ ነው ታዝሎ የመጣው፤ አማርኛው ግን ከነአንቱታው አልጠፋም።

"የእኔን ፊርማ ነው ያልተቀበሉት፣ ጋሽ ታከለ? ይምጡ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። እርስዎ ውጭ ይቀመጡ።"

"እኔ ልርገጥልህ፣ አንተ አድምጥ።"

"ኧረ ግዴለም። እርስዎ አጠገቤ ከሆኑ ሥራ ሳይሆን ክርክር ነው የምንውለው። ይልቅ ሻይ ይጠጡ።"

ታከለ ውጭ ተቀመጠ። ካሣ ፍሬኑን ራሱ ረገጠ፣ ከዚያ የብረት ዘንግ ከወንበሩ አስደግፎ ፔዳሉን ተጭኖ ያዘና ወርዶ አዳመጠ። ጎማ ቱቦ ጆሮው ላይ ሰክቶ እንደ ሐኪም ዙሪያውን ዳሰሰ። ምንም። ሁሉንም ማሰሪያ አጥብቆ፣ ደህናውን ቱቦ በአዲስ ቀይሮ ወጣ።

"ይቺ መኪና ከእኔ በላይ ጤነኛ ናት" አለ እጁን እየጠረገ። "ነገም ህስ አለች ካሉ ግን እኔ የማውቀው ነገር የለም። ቡስተሩን ልቀይር ብል ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። አልመክርዎትም።"

ሐሙስ ማለዳ ታከለ ሁሉንም ለአምሳለች ነገራት። እሷ በዚያ ቀን አላወራችም። ወደ አረጋውያኑ ቤት ሲቃረቡ ብቻ "በስንት ሰዓት ነው?" አለች።

"በአራት ሰዓት።"

"እሺ" ብላ ወረደች።

አራት ሰዓት ላይ ኢታማር እንዳለው ጠበቀው። ሌላውን ሁሉ ትናንት አልፏል፤ የቀረው ቡስተሩ ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፋ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ ኢታማር ከክዳኑ ጀርባ ተሰወረ።

"ርገጥ።"

ታከለ ረገጠ። ከዚያ ኢታማር ተነፈሰና "ያው ነው" አለ።

ታከለ ከመኪናዋ ወረደ። ድምፁ በሰልፉ ላሉት ሁሉ ይሰማ ነበር። አንደኛ፣ ቱቦው ትናንት ተቀይሯል። ሁለተኛ፣ መካኒኩ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳምጦ ምንም አልሰማም። ሦስተኛ፣ በዚህ አገር አንድ ሐበሻ የፈረመውን ወረቀት ሌላ ሰው እስኪያረጋግጥለት ድረስ ወረቀት ነው አይሉትም፤ ይህን በፋብሪካ አይቶታል፣ በልጆቹ ትምህርት ቤት አይቶታል፣ እዚህ ማየት ግን አልጠበቀም።

ኢታማር ጆሮው ድረስ ቀላ። "ማን እንደፈረመው አላየሁም" አለ። "ቆይ።" ወደ ቢሮው ተጣርቶ ማያን የምትባለዋን ጸሐፊ አስመጣ፣ መሪው ላይ አስቀመጣት። "ርገጪ።" ረገጠች። "እንደገና።" ረገጠች። ኢታማር ጭንቅላቱን ከሞተሩ አወጣ።

"ጸጥ" አለ። "ምንም የለም። አሁን አንተ ግባ።"

ታከለ ገባ።

"ርገጥ።"

"ህስ አለ" አሉ ኢታማርና ማያን አንድ ላይ፣ እሷም ክዳኑ ጋ ቆማ ነበርና።

"ከአንተ ጋር ብቻ ነው የምትተነፍሰው" አለ ኢታማር። አልቀለደም። "ስማኝ፣ አዶኒ። ልረዳህ እፈልጋለሁ። ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፍሬን ነው፤ የሰማሁትን አልሰማሁም ብዬ መፈረም አልችልም።"

ልጁ እውነቱን ነው። ታከለም በቦታው ቢሆን አይፈርምም ነበር፤ የሚፈርም ሰው ቢያገኝ ደግሞ ይሰድበው ነበር። እውነት ካለው ሰው ጋር መከራከር ደግሞ ሙግት አይባልም። እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቀረ። እሑድ ማለዳ ሚኒባሱ ከበራቸው ላይ ሲቆም፣ አምሳለች ስትገባ፣ እሱ በረንዳ ላይ ሆኖ ሲያይ ታየው።

"እሱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም" አለ አንድ ድምፅ በዕብራይስጥ።

አምሳለች ሰው ከዚህ አይለፍ የሚለው ቢጫ መስመር ላይ ቆማለች። የሥራ ልብሷን አላወለቀችም።

"አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?" አለ ታከለ።

"ከሥራ። ዝም በል እስቲ።" ወደ ኢታማር ዞረች። "መኪናዋ አይደለችም፣ የኔ ልጅ። ባሌ ነው። አንተ ርገጥ ስትለው እሺ እያለህ ነው።"

"ምንም አላለኝም።"

"እኛ እንዲህ ነው የምንለው" አለችና ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

ማያን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኢታማር አንዴ ሴትየዋን፣ አንዴ ቡስተሩን አየ።

"እኔም እል ነበር" አለች አምሳለች። "አረጋውያኑ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ወር አንዲት አሮጊት ውሃ ትሰጪኛለሽ ወይ አለችኝ። እንዲህ ብዬ መለስኩላት። አሮጊቷ ያንን ቀይ ደወል ተጫነችው። ሦስት ነርስ ኦክስጅን እየገፋ መጣ፤ ለእሷ መስሎኝ ገለል ብል እኔኑ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ አፌን ሞልቼ አዎ፣ ከን ነው የምል። እሱ ግን ከማሽን ጋር ነው የሚሠራው፤ ማን ያርመዋል?"

በሰልፉ ያሉት ሁለት ሾፌሮች ሳቁ። ታከለ ግን ቆሽቱ አረረ።

"እኔ አንድም ጊዜ እንዲህ አላልኩም።"

"ሠላሳ ስድስት ዓመት ስትል ሰምቼሃለሁ።"

"ታዲያ ቢሆንስ? ሰው ሲያናግረኝ ዝም ልበል? አውድማ ላይ እንዳለ በሬ እርገጥ ሲሉኝ እንዲሁ እረግጣለሁ?"

"በሰደር፣ በሰደር" አለ ኢታማር። ዓይኑ ግን አሁን ብርሃን ነበረው፤ ሥራውን የሚወድ ሰው እንቆቅልሽ ሲፈታለት እንደሚሆነው። "እንፈትነው። እግርህን ከፍሬኑ አንሳ። ምንም አትርገጥ። እኔ ከክዳኑ ጀርባ ነኝ። እሺ በለኝ።"

ታከለ ሞከረ። ከአፉ የወጣው ሳል ነበር። ደግሞ ሞከረ። ይህ ነገር በትእዛዝ አይመጣም፤ ሰው በትእዛዝ እንደማያዛጋ ሁሉ። በሦስተኛው ላይ ፊቱ ቀልቶ "እኔ የቲያትር ሰው አይደለሁም" አለ።

አምሳለች ቢጫውን መስመር አልፋ መጣች። ኢታማር አልከለከላትም። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለችና በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "ታከለ፣ እሑድ ጠዋት ትወስደኛለህ?" አለችው።

ታከለ ቀና ብሎ አያት።

"ይኸው" አለ ኢታማር ከክዳኑ ጀርባ። "ያ ነው። ራሱ ነው።"

ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላል ነበር። ታከለ ከንፈሩን ነክሶ አምስት ጊዜ ረገጠ፣ አምስት ጊዜ ለቀቀ፤ ቡስተሩ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። ኢታማር ክዳኑን ዘጋና ወረቀቱ ላይ አልፋለች ብሎ ጻፈ። ማህተሙን እየመታ ሳለ ማንም ያላየው መስሎት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ሲያደርግ አነቀውና ሳለ።

"ቀስ ብሎ ነው" አለችው አምሳለች። "ደግሞ ከልብ ሲሆን ነው የሚያምር።"

"ስለ ወረቀቱ የተናገርኩት" አለ ታከለ፣ ወረቀቱን ሲቀበለው፣ "ባንተ ላይ አልነበረም። በሌሎች ላይ ግን እውነት ነው።"

"አውቃለሁ" አለ ኢታማር።

ይቅርታ የሚመስል ነገር ከታከለ አፍ የወጣው በዚያ ዓመት ያ ብቻ ነው።

ከግቢው ወጥተው ጃቦቲንስኪ መንገድ ላይ ሲገቡ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ቆሟል። ታከለ ሰዓቱን አየ። ፈረቃው ሊጀምር ሦስት ሰዓት ተኩል ይቀራል። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ብርሃን፣ ሁለቱ ብቻቸውን መቼ እንደተቀመጡ ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተው።

"ምን ብለሽ ወጣሽ?"

"ባሌ ፈተና አለበት አልኩ። አለቃዬ ምን ይማራል ብላ ጠየቀችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"ቀስ ብሎ ይማራል አልኳት።"

ፊት ያለው መኪና አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰ። ታከለም አንድ እርምጃ ተከተለ።

"ለሚኒባሱ ግን ተመዝግበሻል" አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። "ሞራን ቦታ አለ ብለዋታል ስትል ሰምቻለሁ።"

"ቦታማ አለ። እስከ ትናንት ማታ ተመዝገቢ ብለውኝ ነበር።"

"እና?"

"አልተመዘገብኩም።"

ታከለ ዞረና አያት። እሷ መስኮቱን እያየች ነበር።

"መኪናዋ ባታልፍስ?"

"በእግራችን እንሄድ ነበራ። አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፣ ለክቼዋለሁ።"

"ማን ነው እንሄድ ያለው?"

"ብቻዬን በጨለማ ልትሰደኝ ነበር?"

ከኋላቸው ያለው ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ፤ ፊት ሁለት እርምጃ ክፍት ቦታ ተፈጥሮ ነበር። ታከለ ሊሞላው አልቸኮለም። አምሳለች ከቦርሳዋ ከሥራ ይዛው የወጣችውን ግማሽ ዳቦ አወጣች፣ ከፍላ አጎረሰችውና፣ ስኳር የምትደብቀዋ አሮጊት ዛሬ ጠዋት ምን እንዳደረገች ከመጀመሪያው ትነግረው ጀመር።